ዕድር የሌላቸው ልጆች

አሜሪካ የምትማረው የእህቴ ልጅ ባለፈው ወር ደውላ፣ «አክስቴ፣ ኮሌጃችን አዲስ ሶሮሪቲ ሊጨምር ነው፤ ቤትም እየተፈለገለት ነው። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ። ቃሉን በፊልም ሰምቼዋለሁ። ቢሆንም ከእሷ አፍ መስማት ፈልጌ፣ ምን ማለት እንደሆነ ንገሪኝ አልኳት።

«የሴት ተማሪዎች ማኅበር ነው። መዋጮ አለው፣ ዳኛ አለው፣ የራሱ ቤት አለው፣ ያልመጣ ይቀጣል። አንዴ ከገባሽ እስክትሞቺ እህት ነሽ።»

«ታዲያ አፎቻ አትይኝም!» አልኳት። ሐረር ተወልዳ ያደገች ልጅ ናትና ማብራሪያ አላስፈለጋትም፤ ሳቀች።

ነገሩ ግን በሳቅ አላለቀም። እኛም እዚህ ፈላና በር አካባቢ፣ በሴቶች ዕድራችን ውስጥ፣ ከሁለት ወር ወዲህ የምንከራከርበት ጉዳይ ቁርጥ የእሷን ጥያቄ ይመስላል። ስለዚህ ጠየቅሁ፣ አነበብኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አሜሪካኖች እነዚህን ማኅበራት የሚሰይሟቸው በግሪክ ፊደላት ነው። በዚህ የተነሳ ጠቅላላ ሥርዓቱን «ግሪክ» ይሉታል እንጂ ከግሪክ አገር ጋር ዝምድና የለውም። የወንዶቹ ፍራተርኒቲ፣ የሴቶቹ ሶሮሪቲ ይባላል፤ ወንድማማችነት፣ እህትማማችነት እንደ ማለት ነው። ከሴቶቹ ቀደምት የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1851 በጆርጂያ ግዛት፣ ሜከን ከተማ፣ ዌስሊያን በተባለ የሴቶች ኮሌጅ የተጀመረው ነው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ከዚያ 19 ዓመት በኋላ በኢንዲያና የሆነው ነው። ኮሌጁ ሴቶችን መቀበል የጀመረው ገና በቅርቡ ነበር። ቤቲ ሎክ የምትባል ተማሪ በአንዱ የወንዶች ማኅበር ትወደዳለችና፣ የማኅበራችንን ምልክት ደረትሽ ላይ አድርጊ ይሏታል። እሺ፣ ግን አባልም አድርጉኝ ትላለች። እሱስ አይሆንም ይሏታል። እሷም ሦስት ጓደኞቿን ይዛ በ1870 የራሷን ማኅበር መሠረተች ይባላል። ይህቺን ታሪክ ያዙልኝ፤ ወደ ሰፈሬ ስመለስ ታስፈልገኛለች።

ጥቁር ሴቶች ደግሞ በነጮቹ ሶሮሪቲ ደጃፍ አይደርሱም ነበር። በ1908 በዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አልፋ ካፓ አልፋ የሚባለውን የራሳቸውን ጀመሩ። በ1913 ደግሞ በዚያው በሃዋርድ 22 ሴቶች ዴልታ ሲግማ ቴታን አቋቋሙ። በሁለት ወራቸው ግድም አደባባይ ወጥተው ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ በተደረገው የዋሽንግተን ሰልፍ ተሰለፉ። ሻይና ኬክ ብቻ አይደለም ማለቴ ነው።

ክፉ ጎንም አለው። አዲስ ገቢዎችን ማሠቃየት፣ በመልክና በገንዘብ መምረጥ፣ ያልተመረጠችዋን ሌሊቱን ስታለቅስ ማሳደር ይገኝበታል። የእህቴን ልጅ ያስፈራትም ይኸው ነበር።

አዲስ ሶሮሪቲ የሚጨመረው እንዲህ ነው። ያሉት ማኅበራት አባል በዝቶባቸው እህትማማቾቹ እርስ በርስ ስም መያዝ ሲያቅታቸው፣ ወይም መግባት የሚፈልጉት ከቦታው ሲበልጡ፣ የኮሌጁ የሶሮሪቲዎች ጉባኤ ተሰብስቦ ድምፅ ይሰጣል። በሩ ይከፈት ከተባለ በአገር አቀፍ ደረጃ ያሉት ማኅበራት መጥተው ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ፤ አንዱ ይመረጥና መሥራች አባላትን ይመለምላል። ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ቤቱ ነው። ነባሮቹ አምድ የተደረደረበት ትልልቅ ቤት አላቸው፤ አዲሶቹ የላቸውም። ቤት የሌለው ማኅበር ደግሞ አባል አያገኝም፤ አባል የሌለው ማኅበር ቤት መከራየት አይችልም። ዙሪያ ጥምጥም ነው።

እነሱ ለዚህ ያገኙት መላ ደስ ብሎኛል። ተማሪ ያልፋል፤ አራት ዓመት ቆይቶ ይሄዳል። ስለዚህ በብዙ ቦታ ቤቱን የሚይዙት ተማሪዎቹ አይደሉም፤ ቀድመው የተመረቁት፣ ሥራ የያዙት፣ ልጅ ያሳደጉት የዚያው ማኅበር ሴቶች ናቸው። የቤት ኮርፖሬሽን የሚባል ነገር ያቋቁማሉ፤ ውሉን ይፈርማሉ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ያስጠግናሉ፣ ተማሪዎቹ ኪራይ ይከፍሏቸዋል። ቤቱ ውስጥም አንዲት በዕድሜ የበሰለች ሴት ትቀመጣለች፤ የቤት እናት ይሏታል።

ይህን ሳነብ የመጣብኝ የጀጎል አፎቻ ነው። ለማታውቁት፣ አፎቻ የሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበር ነው፤ የወንዶችም የሴቶችም አለ፣ ለየብቻ። ሠርግና ለቅሶ ዋነኛ ሥራው ነው። አሜሪካዊው የባህል አጥኚ ሲድኒ ዋልድሮን ጀጎል ውስጥ ኖሮ ያጠናው ይህንኑ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ከፒተር ኮን ጋር ስለ አፎቻ መጽሐፍ አሳትሟል። ዋልድሮን እንዳየው የሐረሪ ሰው በሦስት ገመድ ተይዞ ነው የሚኖረው፤ በዘመድ፣ በጓደኛ እና በአፎቻ። አንዱ ቢላላ ሁለቱ ይይዙታል።

እኔ ሐረሪ አይደለሁም። አባቴ ከሸዋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው። ነገር ግን ሐረሪ ጎረቤቶቼ ዘንድ በለቅሶ ቀን የሆነውን ከልጅነቴ ጀምሬ አይቻለሁ። ማንም ማንንም «ነይ» ሲል አልሰማሁም። ሴቶቹ ይመጣሉ፤ ማን ወጥ እንደሚሠራ፣ ማን እንግዳ እንደሚቀበል፣ ማን ከሐዘንተኛዋ ጎን እንደማይነሳ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ቤቱም ለዚያ የተሠራ ይመስላል። የሐረሪ ቤት የገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ትልቁ ክፍል ውስጥ ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ ነደባ የሚባል አምስት ደረጃ መቀመጫ አለ፤ ሁሉም ሰው እንደ ዕድሜውና እንደ ማዕረጉ ቦታው ይታወቃል። ግድግዳው ላይ የሚሰቀሉት ስፌቶች የሴቲቱ እጅ ሥራ ናቸው። ልጃገረዶቹ ስፌት የሚማሩት በየቤታቸው ተቀምጠው አልነበረም፤ ከአንዲት ባለሙያ ሴት ቤት ተሰብስበው ነው። ስፌት ይማራሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ሐሜትም አይቀርም። ሶሮሪቲ ቤት ማለት ይኼ አይደል?

የእኛ ደግሞ ዕድር ነው። ፈላና በርን፣ ሐረሪዎቹ አሱም በሪ የሚሉትን፣ ወጣ ስትሉ ያለው ሰፈር ድብልቅ ነው። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ሶማሌው በአንድ የውሃ ቧንቧ የሚጣላ ሰፈር ነው። ሰው ሁሉ አንተና አንቺ ነው። የሐረር ሰው አንቱታ አያውቅም ብለው ሌሎች ያሙናል፤ እኛ ግን ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን እማማን «አንቺ» ብለን ጠርተን፣ ጫማቸውን ከእግራቸው አውልቀን እናስቀምጣቸዋለን። ክብሩ ያለው እጅ ላይ ነው።

ወደ ልጆቹ ልምጣ።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ልጅ ማደሪያ አለው፤ አልጋው ይንቃቃ እንጂ አልጋ ነው። በግል ኮሌጅ የሚማሩት፣ በማታ የሚማሩት ግን የራሳቸውን ይፈልጋሉ። ከምዕራብ ሐረርጌ፣ ከባሌ፣ ከአርሲ የመጡ ሴት ልጆች እኛ ሰፈር በአንድ ክፍል ሦስት አራት ሆነው ይከራያሉ። ግቢዎቻችን ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ የአንድ ቤተሰብ የነበረው ግቢ ለብዙ አባወራ ተሸንሽኗል፤ በላዩ ላይ የላሜራ ክፍል ተቀጥሎበታል። ልጆቹ የሚኖሩት በእነዚያ ቅጥሎች ውስጥ ነው። ቀን ኮሌጅ፣ ማታ ማጥናት፤ የጎረቤቱን ስም አያውቁም፣ ጎረቤቱም የእነሱን።

ከሁለት ወር በፊት ከእነዚህ ልጆች ለአንዷ እናቷ ሞተችባት። መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ይላካል፣ ጎረቤት ይነቃል፣ ገና ሳይነጋ ቤቱ በሰው ይከበባል፤ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ አስቀድሞ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። ለዚህች ልጅ የተነገራት ግን በስልክ ነው። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ወንድሟ ደወለ፤ እሱም ልጅ ነው፤ አፍ አፍርጦ ነገራት። የክፍል ጓደኞቿ ጮኹ። አከራይዋ ብቅ ብላ «ምን ሆናችሁ ነው?» አለች፤ ስትሰማ ደነገጠች፣ ውሃ አመጣች፣ ከዚያ በላይ ምን እንደምታደርግ አላወቀችም። ሁለቱ ጓደኞቿ ያላቸውን አራግፈው መሳፈሪያ አዋጡላት። ሊነጋጋ ሲል ይዘዋት መናኸሪያ ወጡ። በሰፈራችን በዚያ ሰዓት የሚሄደው ጅብ ነው፤ ከፈላና በር ወጣ ብሎ ጅብ የሚበላበት ቦታ አለና መንገዱ የእነሱ ነው። እኛ ለምደነዋል። ከባሌ ገጠር የመጣች ልጅ ግን፣ የእናቷን ሞት ይዛ፣ በጅብ መሐል ስትሄድ አስቡት።

ከሳምንት በኋላ ተመለሰች። ጥቁር ነጠላ ለብሳ ክፍል ገባች። ግቢው ውስጥ ድንኳን አልተተከለም፣ ወንበር አልተደረደረም፣ «እግዜር ያጥናሽ» ያላት ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ደርዘን ቤት ተሻግሮ ያለን የእኛ ዕድር ሁለት ድንኳን፣ አርባ ወንበር፣ ስንት ድስት እንዳለው እኔ አውቃለሁ፤ መዝገቡ በእጄ ነውና። ሁሉም መጋዘን ተቆልፎበት ነበር። የሰማነውም ልጅቷ ከተመለሰች በኋላ ነው።

በወር ስብሰባችን ላይ ነገሩን ያነሳችው አንዲት የኦሮሞ እናት ናት፤ ሁላችንም አዴ የምንላት። «አቦ! ይኼ ሰፈር ሰው የለውም ወይ?» ብላ ጀመረች። ሴቱ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ጭቅጭቁ ተነሳ።

የዕድራችን ደንብ፣ አባል የምትሆነው በሰፈሩ ቤት ይዛ ቤተሰብ የምታስተዳድር ሴት ናት ይላል። ግማሾቹ ደንቡ ይሻሻልና ልጆቹ ይግቡ አሉ። ሌሎቹ ሦስት ዓመት ቆይተው ለሚሄዱ ልጆች የሃያ ዓመት መዋጮ የከፈልንበትን ገንዘብ እንዴት እናካፍል አሉ። ይህ ክፋት አይደለም። ዕድር የሚቆመው ዛሬ የምትከፍለው ለነገው ሐዘኗ በመተማመን ነው። ነገ የማትኖር ሰው ስትጨመር ስሌቱ ይፈርሳል። በመጨረሻ ዳኛችን አስታራቂ የመሰላትን ሐሳብ አመጣች። ልጆቹ አባል አይሁኑ፤ ግን እንደ ልጆቻችን እንያቸው፤ ሐዘን ሲገጥማቸው ከዕድሩ አንድ ድንኳን ይሰጥ፣ እነሱም በሠርግና በለቅሶ ጊዜ እየመጡ ሽንኩርት በመላጥ፣ ዕቃ በማጠብ ያግዙን። ሁሉም አጨበጨበ። ለልጆቹ እንድነግር እኔ ተላክሁ።

ነገርኳቸው። ዘጠኝ ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሰሙኝ፤ ግማሾቹ አልጋ ላይ፣ ግማሾቹ ወለል ላይ። ቡና አፍልተው ነበር። ስጨርስ ዝም አሉ። ከዚያ እናቷ የሞተችባት ልጅ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ «እማማ፣ አትቀየሚን፤ እኛ እናት አላጣንም። እኔ አንድ ነበረችኝ፣ ሞተች። የጠፋን ማኅበር ነው» አለች። ሌላዋ ቀጠለች፤ «ሽንኩርት መላጡን እንልጣለን። ግን አባል ያልሆንበት ቤት ሽንኩርት ላጭ መሆን አንፈልግም።»

ያችን የኢንዲያናዋን ልጅ አስታወሳችሁ? ምልክታችንን ልበሺ፣ አባል ግን አትሆኚም የተባለችውን። ያነበብኩት በዚያው ሳምንት ነበርና ልቤ ወዲያው ወደ እነሱ አዘነበለ። እውነት ለመናገር ከመጀመሪያውም ያ «እንደ ልጆቻችን» የሚለው ነገር አልጣመኝም። እንደ ልጅ የሚባል ሰው ይታዘዛል እንጂ አይጠየቅም።

ልጆቹ የፈለጉት የራሳቸውን ማኅበር ነው። በወር ትንሽ ይዋጣል፤ ለሐዘን፣ ለሕመም፣ ቤተሰብ ገንዘብ ሳይልክ ለቀረባት ልጅ የሚሆን። ሁለተኛውና ከባዱ፣ ቤት ነው። አንዲት አዲስ አበባ የገባች የሰፈራችን ልጅ የእናቷ ቤት ባዶውን ቆሟል፤ አራት ክፍል፣ አንድ ኩሽና፣ አንድ ሽንት ቤት፣ የሎሚ ዛፍ ያለበት ግቢ። ዘጠኙም እዚያ እንግባ አሉ። ለየብቻ የሚከፍሉት ቢደመር የዚያን ቤት ኪራይ ይሸፍናል።

ይህን ለዕድሩ ሳቀርብ የተነሳውን ጫጫታ ላሳጥረው። ወንድ የሌለበት፣ እናት የሌለችበት፣ ዘጠኝ ሴት የተሰበሰበችበት ቤት ሰው ምን ይለዋል? ይኸው ነው ነገሩ። የሚገርማችሁ፣ አሜሪካም ውስጥ ከዚህ የማይለይ ወሬ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይዞራል። እዚህ ከተማ ሶሮሪቲ ቤት የሌለው፣ ከዚህ ቁጥር በላይ ሴት አብራ ከኖረች ሴተኛ አዳሪ ቤት ነው የሚል የድሮ ሕግ ስላለ ነው ይላሉ። ሕጉን የፈለጉት ሰዎች አላገኙትም። ሁሉም ግን የሰማው ከታማኝ ሰው ነው። ለዕድራችን ሴቶች ይህን ስነግራቸው ዳኛችን ስቃ፣ «እንግዲያ ሐሜት ፓስፖርት አለው በይኛ» አለች። ጉዳዩ ከዚያ በኋላ ለዘብ አለ።

የእውነት የከበደው ኩሽናው ነበር። ከዘጠኙ አምስቱ ሙስሊም ናቸው፣ አራቱ ክርስቲያን። ሐረር ለሚኖር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በሠርጋችን ሁለት ዳስ፣ ሁለት ጓዳ፣ ሁለት አራጅ እናዘጋጃለን፤ ተጣልተን አናውቅም። ነገር ግን ሠርግ የአንድ ቀን ነው። በየቀኑ በአንድ ምድጃ፣ አንዷ የጾም ወጧን ስትሠራ ሌላዋ ሥጋ ስትጠብስ፣ አንዷ ለሱሑር ሌሊት ስትነሳ ሌላዋ ለፈተና ልተኛ ስትል መኖር ሌላ ነው። አንዲቱ ሁለት ቤት ይሁን፣ የሙስሊምና የክርስቲያን፣ አለች። ልጆቹ እምቢ አሉ። ያቺን ሌሊት መሳፈሪያ ካዋጡት አንዷ ሙስሊም አንዷ ክርስቲያን ነበሩ፤ ሐዘንተኛዋን በግራና በቀኝ ይዘው መናኸሪያ ያደረሷት እነሱ ናቸው። ሁለት ቤት ከሆነ ማኅበሩም ሁለት ሊሆን ነው፤ ከዚያ ሦስት ይሆናል፣ በብሔር ይሆናል። ስለዚህ አንድ ኩሽና፣ ሁለት መደርደሪያ ተባለ። የሥጋ ድስትና ቢላ ለየብቻ፤ የሽሮና የአትክልት ድስት የጋራ፤ በጾምና በረመዳን ማን በስንት ሰዓት ምድጃውን እንደምትይዝ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ወረቀቱን አይቼዋለሁ፤ ከዕድራችን መተዳደሪያ ደንብ ይልቅ ግልጽ ነው።

ቀጥሎ ውሉ ማን ይፈርም? አከራይዋ ትክክል ናት፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ለሚበተኑ ልጆች የእናቷን ቤት አትሰጥም። እዚህ ላይ የአሜሪካኖቹን መላ አመጣሁ። ውሉን ልጆቹ አይያዙት፤ ከዕድሩ ሦስት ሴቶች ዋስ ሆነው ይፈርሙ፤ ልጆቹ ለእነዚያ ሦስት ይክፈሉ። አንዷ ስትመረቅ ሌላዋ ትተካለች፤ ቤቱ ግን ሰው አይለውጥም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። አከራይዋ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠይቃ ነበር፤ አዋጁን ስናነብላት ወደ ሁለት ወር ወረደች፤ ትንሽ ብታኮርፍም። ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ ልጆች ያላችሁ ወላጆች ይህን አዋጅ ብታውቁት አይጎዳችሁም።

በፈቃዴ የምከራከርበት አንድ ነገር ቀርቷል፤ እስካሁን አላሸነፍኩም። ልጆቹ ለወደፊት አዲስ የምትገባ ልጅ በድምፅ ትመረጥ ይላሉ። አንድ ሰው እንኳ ከተቃወመ አትገባም። ምክንያት አላቸው፤ አብሮ ማደር ነው፣ የምታስቸግር ልጅ ብትገባ ሁሉም ይበጠበጣል። እኔ ደግሞ ዕድርን ዕድር ያደረገው ሰው አለመምረጡ ነው እላለሁ። እኛ ጎረቤታችንን አልመረጥንም፤ አጠገባችን አገኘነው፣ ሲሞትበት ሄድን። ሶሮሪቲን ያበላሸው፣ የሃዋርድ ሴቶችንም ወደ ራሳቸው ቤት የገፋው ይኸው መምረጥ ነው። ይህን ስነግራቸው በደንብ ሰሙኝ፤ ከመሐላቸው አንዲት ዝምተኛ ልጅ፣ አማርኛው ገና ያልተዋጣላት፣ ወደ መሬት ስታይ አየኋት። በድምፅ ቢሆን ኖሮ እኔ እገባ ነበር ወይ እያለች እንደሆነ ገባኝ። ሌሎቹም ሳይገባቸው አልቀረም፤ ከመካከላቸው አንዷ ፈጥና ቡና ቀዳችላት።

የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ማኅበሩና ቤቱ ይለያዩ። ቤቱ ዘጠኝ ሰው ብቻ ይይዛልና አብሮ የሚያድረውን መምረጥ መብታቸው ነው። ማኅበሩ ግን በሰፈሩ ተከራይታ ለምትማር ሴት ልጅ ሁሉ ክፍት ይሁን፤ መዋጮዋን ትክፈል እንጂ ማንም አይመርጣት፣ ማንም አይከልክላት። የአሜሪካኖቹ ችግር ሁለቱን አንድ ማድረጋቸው ይመስለኛል፤ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ እህትነቱም ጠበበ። አዴ ደግፋኛለች። ዳኛችን «ልጆቹ ራሳቸው ይወስኑ» ብላ ተቀምጣለች፤ በድምፅ ተሸንፋ አታውቅምና ይህ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው።

የቤት እናት ጉዳይም ተነስቶ ነበር። እኔ ቶሎ ተቃወምኩ፤ ልጆቹ ከእኔ ቀድመው ተቃወሙ። ግን አንድ ነገር ጠየቁን፤ መርዶ ነጋሪ። ከቤተሰብ ክፉ ወሬ ሲመጣ በስልክ ለልጅቷ እንዳይነገራት፣ ለሦስቱ ዋሶች እንዲደወል፣ እነሱ ሌሎቹን ቀስቅሰው፣ ገና ሳይነጋ መጥተው እንዲነግሯት። የሦስታችንን ስልክ ቁጥር እያንዳንዷ ለወላጆቿና ለወንድሞቿ ልካለች። ከአንዲቱ አባት ማግስቱን ተደወለልኝ፤ ልቤ ቀጥ አለ። ሰውየው ሊያመሰግነኝ ነበር የደወለው፤ በኦሮምኛ፣ ቀስ እያለ፣ እንዲገባኝ።

ውሉ የሚፈረመው በሚመጣው እሁድ ነው። የአመራረጡ ነገር ከዚያ በፊት እንዲወሰን ልጆቹ ለቅዳሜ ስብሰባ ጠርተዋል፤ እኔም ተጠርቻለሁ፣ ድምፅ ግን የለኝም። የመጀመሪያው መዋጮ ተሰብስቦ የተገዛው ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላና አንድ ትልቅ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። ድንኳኑን ከዕድሩ በኪራይ ይወስዳሉ፤ በነፃ ብንላቸው እምቢ ብለዋል። ለማኅበሩ ስም ገና አላወጡለትም።